እድራችን ይሻላል

በአገራችን ማኅበር የሌለው ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ። የሰፈር እድር አለን፣ የመሥሪያ ቤት እቁብ አለን፣ የሚካኤል ወይም የማርያም ጽዋ አለን፣ የተወለድንበት ወረዳ የልማት ማኅበር አለን፣ አብረን የተማርን ልጆች የምንገናኝበት «የባች» ማኅበር አለን። ተደራጅቶ መኖርን ከፈረንጅ የምንማረው ነገር አይደለም። እንዲያውም እድር በደንብ ሲታይ ብዙ መሥሪያ ቤት የሌለው ሥርዓት አለው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይጠየቃል። መዋጮ ያላስገባ ስሙ ይነበባል። ሰው የሞተ እንደሆነ ጥሩንባው ያኔውኑ ይነፋል። «የሥራ ጫና ስላለብን ነገሩን በሚቀጥለው ጉባኤ እናየዋለን» የሚል እድር እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ማኅበር እንምጣ፤ የሙያ ማኅበር ወደሚባለው። ይኼኛው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። በር ላይ ባጅና ቦርሳ ይታደላል። የክብር እንግዳው አርፍደው ይመጣሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ፣ «አስቸኳይ ስብሰባ ስላለብኝ» ብለው ይወጣሉ። ከዚያ የሻይ ሰዓት ነው። ከሻይ በኋላ አንዱ ባለሙያ የሁለት ዓመት ድካሙን በ15 ደቂቃ እንዲያቀርብ ይታዘዛል፤ በ12ኛው ደቂቃ «ሦስት ደቂቃ ቀርቶሃል» የምትል ብጣሽ ወረቀት ትደርሰዋለች። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ የቡድን ፎቶግራፍ፣ ከዚያ የአቋም መግለጫ፣ ከዚያ ጭብጨባ። «የዓመት ሰው ይበለን» ተባብሎ ይለያያል። ጽዋ ማኅበርም እኮ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመራረቃል። ልዩነቱ ጽዋው በየወሩ መገናኘቱና ከአባላቱ አንዱ ሲታመም ሄዶ መጠየቁ ነው።

ዛሬ የማነሳው የሁሉንም አይደለም። የኬሚስቶችንና የማቴሪያል ሳይንስ ሰዎችን ማኅበር ነው። «ከስንቱ ጉድ መካከል ኬሚስት ምን አደረገህ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኬሚስት ምንም አላደረገኝም። ቅሬታዬም እሱ ነው፤ ምንም አላደረገኝም፣ ምንም አላደረገልኝም።

እስቲ ማጀት እንግባ። በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ ሲባል ሰምተናል። ቅቤው ውስጥ ሙዝ ተገኘ ተብሏል። ጀሶ ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ ተያዙ የሚል የፖሊስ ዜና የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር የሚለይ ባለሙያ በየቤቱ ነበር። አንዲት እናት «ባለሙያ ናት» ስትባል ወጥ ታሳምራለች ማለት ብቻ አልነበረም። በርበሬውን ዘግና፣ አሽትታ፣ በጣቷ ፈትጋ «ይኼ የማረቆ አይደለም፤ መልስለት» የምትል ማለት ነበር። የዛሬው አጭበርባሪ ግን ከጣትና ከአፍንጫ አልፎ ሄዷል። ከጤፍ ዱቄት ጋር የተፈጨን ጀሶ ለመለየት፣ በወተት ውስጥ ያለን የሻጋታ መርዝ ለማየት፣ በግድግዳ ቀለም ውስጥ ያለን እርሳስ ለመለካት ሌላ ዓይነት ባለሙያ ያስፈልጋል። ያ ባለሙያ የለንም እንዳንል ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ያስመርቁታል። ጥያቄዬ፣ ይኼ ባለሙያ ማኅበር ካቋቋመ በኋላ ተሰብስቦ ምን ይሠራል የሚል ነው።

የጀሶውን ነገር ካነሳን አይቀር ከኛ በፊት ጀሶ የበሉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ላውጋችሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1858 በእንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ በምትባል ከተማ፣ ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች ስኳሩን የሚያበዙበት ርካሽ ነጭ ዱቄት ይጨምሩበት ነበር። ዱቄቱ ጀሶ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አንድ ቀን ይኼን ዱቄት ሊገዛ የተላከ ሰው መድኃኒት ቤት ይደርሳል። ባለቤቱ ታሟል። ረዳቱ ዕቃ ተሳሳተና በጀሶው ፋንታ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከአምስት ኪሎ በላይ አርሰኒክ መዝኖ ሰጠው። ከረሜላው ተሠራ፣ ገበያ ወጣ፣ ተሸጠ። 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ታመሙ።

አገሩ ተንጫጫ። በ1860 ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ጥርስ የሌለው አንበሳ ሆነ። በ1872 ተሻሻለና ምግብ የሚመረምሩ ኬሚስቶች መሾም ጀመሩ። አሁንም ሌላ ችግር መጣ፤ አንዱ ኬሚስት «ይኼ ቅቤ ንጹሕ ነው» ሲል ሌላው «ቆሻሻ ነው» ይላል። ነጋዴው ሁለቱን አጋጭቶ ከፍርድ ቤት እየሳቀ ይወጣል። ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰና የኬሚስቶቹ ችሎታ በአደባባይ ተተቸ። ይኼን ጊዜ ነው ኬሚስቶቹ ያፈሩት። በ1874 የሕዝብ መርማሪ ኬሚስቶች ማኅበር ብለው ተደራጁ። አቋቁመው የሻይ ግብዣ አላደረጉም። ንጹሕ ወተት ማለት ምን ማለት ነው፣ ቅቤ ስንት ስብ ሊኖረው ይገባል፣ በምን ዘዴ ይለካል እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ክርክራቸውን የሚያትሙበት መጽሔትም በ1876 ጀመሩ። ያ ማኅበር ከጊዜ በኋላ ከሌሎች ሦስት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የብሪታንያ ንጉሣዊ የኬሚስትሪ ማኅበር የምንለውን በ1980 ፈጠረ። ዛሬ በብዙ ገንዘብና በትልቅ ስም የምናውቀው ማኅበር አንደኛው ሥሩ የወተትና የቅቤ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው።

አሜሪካኖቹም ያው ናቸው። እዚያ ነገሩ የመጣው በገበሬው በኩል ነው። ፋብሪካዎች ማዳበሪያ ይሸጣሉ፤ ገበሬው በጆንያው ላይ የተጻፈው በጆንያው ውስጥ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የየግዛቱ ኬሚስት ይመረምራል፤ ነገር ግን የአንድ ጆንያ ፎስፎረስ በየቤተ ሙከራው የተለያየ ቁጥር ይወጣዋል። በ1884 የመንግሥት የእርሻ ኬሚስቶች ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዓላማቸው ሁሉም በአንድ ዘዴ እንዲለካ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ሃርቪ ዋይሊ የሚባል ኬሚስት ነው። ይኼ ሰው በ1902 ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰብስቦ፣ በምግብ ላይ ይነሰነስ የነበረውን መጠበቂያ እያበላ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ለሕዝብ ያሳየ ነው። በ1906 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ሲወጣ ከማንም በላይ ስሙ የተነሣው የእሱ ነው።

የማቴሪያሉም ጎራ ታሪክ የለውም እንዳትሉ። በዚያው ዘመን የባቡር ሐዲድ እየተሰበረ አሜሪካኖችን ያስቸግራቸው ነበር። ቻርልስ ደድሊ የሚባል የባቡር ኩባንያ ኬሚስት ሐዲዱ ለምን እንደሚሰበር መመርመር ሲጀምር ብረት አቅላጮቹ «አንተ ገዢ ነህ፤ እንዴት እንደምንሠራ ልትነግረን አትችልም» አሉት። እሱም ነገሩ በጠብ እንደማያልቅ ገባው። በ1898 ገዢውም፣ ሻጩም፣ መሐንዲሱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት የቁሳቁስ መመርመሪያ ማኅበር ተመሠረተ፤ ደድሊም ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ በየግንባታው ቦታ ስለ ፌሮና ስለ ሲሚንቶ ጥራት ሲወራ መሐንዲሶቻችን «ኤ ኤስ ቲ ኤም» እያሉ የሚጠቅሱት ደረጃ የዚያ ማኅበር ልጅ ነው። የሌላውን ሰው ማኅበር ደረጃ በየቀኑ እየጠቀስን የራሳችንን ማኅበር ስም አለማወቃችን አይገርምም?

ከነዚህ ሁሉ የማየው አንድ ነገር ነው። የሙያ ማኅበር ሥራው ባለሙያውን ማስከበር ብቻ አይደለም። በአገር ላይ አንድ ነገር ሲያጠራጥር «እውነቱ ይኼ ነው፤ የለካነውም በዚህ ዘዴ ነው፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ» ብሎ መቆም ነው። አንድ ኬሚስት ብቻውን እንዲህ ቢል ከሥራው ይባረራል፣ ይከሰሳል፣ ወይም «ይኼ ደግሞ ማን ነው?» ይባላል። አምስት መቶ ኬሚስት በአንድ ማኅተም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማኅበር ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ለፎቶግራፉ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፍርድ ስሰጥ ግን የሠሩትን ልክጃቸው አይደለም። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ከ1987 ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያሳትመው የምርምር መጽሔት አለው። አስቡት፤ በደርግ ጊዜ ተጀምሮ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ጦርነት መጥቶ ሄዶ፣ ወረቀት ተወዶ፣ ያ መጽሔት አልተቋረጠም። ከሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ይልኩለታል። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። በዚህ አገር ይኼን ያህል ዕድሜ የኖረ መጽሔት ለመቁጠር የእጅ ጣት ይበቃል። በ2006 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች የኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ሲመሠረት መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ።

ከዚህም ይበልጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2011ን «ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ዓመት» ብሎ የሰየመው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱ የተመረጠው ማሪ ኩሪ በኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለመችበት ከ1911 መቶኛው ዓመት ስለሆነ ነው። የውሳኔ ሐሳቡን ለጉባኤው ያቀረበችው አገር ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ጀርመን አይደለችም፣ አሜሪካም አይደለችም። ኢትዮጵያ ናት። ዓለም በሙሉ አንድ ዓመት ኬሚስትሪን ያከበረው በኛ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2012፣ የአሜሪካና የአፍሪካ ወጣት የማቴሪያል ተመራማሪዎች የተገናኙበት የመጀመሪያው የጁአሚ ትምህርት ቤት የተከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለዱት፣ በነዳጅ ሴል ምርምራቸው በዓለም የታወቁት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው።

ይኼን ሁሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? የእንግሊዝን ክለብ የተጠባባቂ ተጫዋች ስም የሚዘረዝር ወጣት ይኼን አልሰማም። ጥፋቱ የወጣቱ ነው? አይመስለኝም። ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ዓለምን ማሳመን የቻለ ሙያ፣ ሾላ ገበያ ድረስ መጥቶ አንዲት ወተት ገዢ ማሳመን ለምን አቃተው?

ወተት ካልኩ አይቀር ስለ ወተት ልናገር። በ2014 እና በ2015 ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። በሁሉም ውስጥ፣ ደግሜ እላለሁ፣ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው ልክ፣ ማለትም በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠው 9 ናሙና ብቻ ነበር። ጥናቱ ሲሰማ ከተማው ተደናገጠ። እናቶች ለልጅ ወተት መስጠት ፈሩ። ገበሬው ያለበውን ወተት የሚገዛው አጣ። አንዱ «አፍልታችሁ ጠጡ» ይላል፣ ሌላው «ጭራሽ አትንኩ» ይላል፣ ሦስተኛው «ይኼ የወተት ዱቄት አስመጪዎች ሴራ ነው» ይላል።

እንግዲህ የኬሚስቶች ማኅበር ለእንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? አንድ ገጽ መግለጫ ይበቃ ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ። አንደኛ፣ መርዙ የሚመጣው ከላሟ አይደለም፤ ከመኖዋ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ እርጥበት አግኝቶ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። ሁለተኛ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይኼን መርዝ አያጠፋውም፤ ስለዚህ «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር መልስ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የአሜሪካኖቹ ገደብ 0.5 ነው፤ ከአውሮፓው በአሥር እጥፍ የላላ ነው። በዚያ ልክ ቢታይ ከ110ሩ ገደቡን ያለፈው 29 ነው። ይኼም ብዙ ነው፤ ነገር ግን «ሁሉም ወተት መርዝ ነው» ከሚለው ወሬ የተለየ ነገር ነው። አራተኛ፣ መፍትሔው ወተቱን መድፋት ሳይሆን ፋጉሎውን ማድረቅና መመርመር ነው። አራት ነጥብ። ለመጻፍ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በዚያ ሰሞን ግን ጎልቶ የተሰማው ወሬ ነበር እንጂ የባለሙያ ማኅበር ድምፅ አልነበረም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገሬ ሰው። ለፖለቲካው ይሠራ ይሆናል። ለፋጉሎ ግን አይሠራም። ዝም የተባለ ፋጉሎ ይሻግታል፤ ዝም የተባለ በርበሬ ሸክላ ይሆናል፤ ዝም የተባለ ዱቄት ጀሶ ይሆናል።

ባለሙያዎቹ ደግሞ ሲወቀሱ መልስ አያጡም። የመጀመሪያው መልስ «ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። ደረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አለ፣ ምግብና መድኃኒት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለ፣ እኛን ምን አገባን? እውነት ነው፤ አሉ። ነገር ግን በ1937 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ስሙ። አንድ ኩባንያ ለጉሮሮ ሕመም የሚሰጥ ሽሮፕ ሠርቶ ሸጠ። መድኃኒቱን ያሟሟው ዳይኤትሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ነው። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ልጆችም ነበሩ። ገዳዩ ፈሳሹ መሆኑን መርምሮ ያሳወቀው የሐኪሞች ማኅበር የራሱ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው። መንግሥትማ ሕጉ እጁን አስሮት ነበር፤ ኩባንያውን ሊከስ የቻለው «ኤሊክሲር» የሚለው ስም አልኮል ለሌለበት መድኃኒት አይሰጥም በሚል ሰበብ ነው። ከዚያ በኋላ በ1938 ሕጉ ተለወጠ። ይኼ የሩቅ ዘመን ተረት እንዳይመስላችሁ። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ 70 ያህል ሕፃናት የሞቱት ያው መርዝ በተገኘበት የሳል ሽሮፕ ሰበብ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ እዚሁ አህጉራችን ላይ። መንግሥት ስላለ ባለሙያው ይተኛ የሚል ሰው ለነዚያ ሕፃናት እናቶች ይንገራቸው።

ሁለተኛው መልስ «ሕጉ አያሠራንም» የሚለው ነው። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ማኅበራትን ያሽመደመደ እንደነበር እኔም አልክድም። ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ማኅበር በመብትና በመሳሰለው ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ስለ ወተት ሻጋታ መናገርን ግን ያ አዋጅም አልከለከለም። ደግሞስ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የሌለ አጥር እየጠቀሱ ቤት መዋል አያዋጣም።

ሦስተኛው መልስ «ገንዘብ የለንም» ነው። ይኼኛው እውነትነት አለው። ግን ለምን የለም? የመምህሩና የተመራማሪው ደመወዝ የሚያሳፍር መሆኑን አውቃለሁ። ያው ደመወዝተኛ ግን የእድር መዋጮ አያስቀርም። ለምን? እድሩ በመከራው ቀን እንደሚደርስለት ስለሚያውቅ ነው። የሙያ ማኅበሩ ግን ምን ጊዜ ደርሶለት ያውቃል? አንድ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚስት የክሮም ዝቃጩ ወንዝ ውስጥ እንዲደፋ ታዞ «አልፈርምም» ቢል፣ ከጎኑ የሚቆም ማኅበር አለው? አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «ውጤቱን ትንሽ አስተካክለው» ቢባል፣ «የማኅበሬ የሥነ ምግባር ደንብ አይፈቅድልኝም» ብሎ የሚያወጣት ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለች? አባል የሚከፍለው ለሚጠብቀው ማኅበር ነው።

«የፈረንጅ ማኅበር ሁሉ መልአክ ነው» እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ1866 ጆን ኒውላንድስ የሚባል ኬሚስት ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ቢደረድር በየስምንቱ የሚመሳሰሉ እንደሚመጡ ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። ከአባላቱ አንዱ «በፊደል ተራስ ደርድረህ ሞክረሃል?» ብሎ አላገጠበት። ማኅበሩም ጽሑፉን አላተመለትም። በ1869 ሜንዴሌዬቭ የፔርዮዲክ ሠንጠረዡን ሲያወጣ ነው የሳቁበት ያፈሩት። ያው ማኅበር በ1904 አሥራ ዘጠኝ ሴት ኬሚስቶች «አባል አድርጉን» ብለው ቢያመለክቱ እያንገራገረ እስከ 1920 አቆይቷቸዋል። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበርም ቢሆን በ2005 መንግሥት የከፈተውን ፐብኬም የተባለ ነፃ የኬሚካሎች መዝገብ «ገበያዬን ይሻማብኛል» ብሎ እንዲጠብ ሲሟገት ነበር። ሀብት የበዛበት ማኅበር ነጋዴ ይሆናል፤ ዕድሜ የበዛበት ማኅበር ሽማግሌ ይሆናል። የኛው ድሃ መጽሔት ለሁሉም በነፃ መነበቡ በዚህ በኩል ከሀብታሞቹ አያሳንሰውም፤ ያስበልጠዋል እንጂ።

ታዲያ የነሱ ማኅበራት የሚሻሉት በምን ነው? በደጃቸው የሚጮህ ሰው ስላላቸው ይመስለኛል። ሴቶቹ ጮኹ፤ ጋዜጣው ጮኸ፤ ፓርላማው ጠየቀ። እኛ ዘንድ ጋዜጠኛውም አይጠይቅም። ጀሶ ተያዘ ሲባል የፖሊስ ቃል አቀባይ ጋ ይደወላል፤ ኬሚስት ጋ አይደወልም። ከዚያ የተነሣ «ኬሚካል» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛችን መርዝ ማለት ሆኖ ቀረ። «ኬሚካል የሌለበት ማር»፣ «ኬሚካል የሌለበት ሳሙና» እየተባለ ይሸጣል። ሳሙና ራሱ ኬሚካል ነው፣ ውኃም ኬሚካል ነው፣ ጨውም ኬሚካል ነው ብሎ የሚነግረን ጠፋ። አንድ ሙያ ስሙ ስድብ ሲሆን ዝም ካለ፣ ነገ ሲናገር ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማኅበሩ የሚናገር ይሁን። የምግብ፣ የመድኃኒት፣ የውኃ ወይም የግንባታ ዕቃ ሽብር በተነሣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ የሚታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ለይቶ፣ በሕዝቡ ቋንቋ ይጻፍልን። የማይታወቀውን «አናውቅም» ማለትም መናገር ነው።

ሁለተኛ፣ በዓመት አንዴ ይለካልን። ምሳሌ ልስጥ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ጥሩ ሕግ ነው፤ እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ታዲያ ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን መርካቶ ወርዶ ከየዓይነቱ አንዳንድ ቆርቆሮ ቀለም ቢገዛ፣ በሁለት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ቢያስለካና ውጤቱን ከነፋብሪካው ስም ቢያወጣ ምን ይከብዳል? ፌሮውንም፣ በርበሬውንም፣ ማዳበሪያውንም እንዲሁ። የአንድ ጉባኤ የቦርሳና የምሳ ወጪ የቀለሙን መግዣ ይሸፍናል።

ሦስተኛ፣ በሩን ይክፈት። ማኅበሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ብቻ መገናኛ ከሆነ ስለ ፋብሪካ ምን ያውቃል? የሞጆው የቆዳ ኬሚስት ይግባ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ይግባ፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን በጠመኔ ብቻ የሚያስተምረው መምህር ይግባ። የደድሊ ማኅበር የሠራው ሻጭና ገዢን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጠ ነው።

አራተኛ፣ ጥርስ ያለው የሥነ ምግባር ደንብ ይኑረው። ውጤት የሸጠ ባለሙያ ስሙ ይሰረዝ፤ ውጤት አልሸጥም ብሎ የተባረረ ባለሙያ ጠበቃ ይቁምለት። ይኼን እድር ያደርገዋል። ያጠፋን ይቀጣል፤ የተጎዳን ያቋቁማል።

እኛም፣ ማለትም ጋዜጠኞቹና አንባቢዎቹ፣ ከዕዳው ነፃ አይደለንም። ያልተጠየቀ ባለሙያ ዝም ቢል ግማሹ ጥፋት የጠያቂ ነው። ከእንግዲህ ጀሶ ተያዘ ሲባል «ስንት ኩንታል?» ብቻ ሳይሆን «ማን ለካው? በምን ዘዴ? ሌላ ሰውስ ደግሞ አይቶታል?» እንበል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲበዛ መልስ የሚሰጥ ማኅበር ሳይወድ በግዱ ይፈጠራል። ብራድፎርድም የሆነው ይኸው ነው።

የእድር ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚነፋ እናከብረዋለን። ኬሚስቶቻችን ግን የያዙት ጥሩንባ ሰው ከመሞቱ በፊት ሊነፋ የሚችል ነው። እስኪነፉት ድረስ እኔ መዋጮዬን ለእድሬ እከፍላለሁ።